«ግሬይኑ አንድ ነው» የሚላችሁን ሻጭ አትመኑ

«ርካሹን ጥይት ልግዛ ወይስ ውዱን?» ለሚለው ጥያቄ፣ ቢያንስ 308 ዊንቸስተር የሚባለውን ጥይት ለሚተኩስ የአደን ጠመንጃ፣ መልሱ ሁለቱንም ነው። ይህንን ማንም ይነግራችኋል። የማይነግራችሁ ከአንዱ ወደ ሌላው ስትሻገሩ የሚሆነውን ነው። ሻጩ «ግሬይኑ (የአረሩ ክብደት መለኪያ) አንድ ከሆነ ሁለቱም አንድ ቦታ ይመታሉ» ይላችኋል። ለእኔም የነገረኝ አልነበረም። ጥይትም ገንዘብም ያለቀብኝ እዚያ መሸጋገሪያ ላይ ስለሆነ እሱን በሰፊው እጽፋለሁ፣ ሌላውን እዘለዋለሁ።

ቦታው ኮሎራዶ ነው። ጠመንጃው በእጅ የሚቀባበል፣ 22 ኢንች አፈሙዝ ያለው፣ ስኮፕ፣ ማለትም ማነጣጠሪያ መነጽር፣ የተገጠመለት ነው። የሚታደነው አጋዘን ነው፣ እዚህ ሚዩል ዲር የሚሉት፤ ከቀናም ኤልክ፣ ትልቁ የአጋዘን ዘመድ። ከጃንዋሪ 1 ቀን 1949 ወዲህ የተወለደ ሰው ፈቃድ ለማውጣት የአዳኞች ትምህርት ሰርተፊኬት ያስፈልገዋል፤ እሱ ቀላል ነው። ግሪን ካርድ ወይም ዜግነት ያለው ሰው ጠመንጃ ከመያዝ የሚያግደው የመኖሪያ ፈቃድ ጉዳይ የለም። በቱሪስት፣ በተማሪ ወይም በሥራ ቪዛ ያለ ግን በፌዴራል ሕግ እንኳን ጠመንጃ ጥይት መያዝም በመሠረቱ የተከለከለ ነው። ሕጋዊ የአደን ፈቃድ ካሉት ልዩ ሁኔታዎች አንዱ ቢሆንም ጠበቃ ሳይጠይቅ አንድ ፓኮ እንኳን እንዳይገዛ።

የጥይቱን ዓይነት በከፊል ሕጉ ይመርጥላችኋል። ኮሎራዶ ውስጥ ለትልልቅ እንስሳት አረሩ ሲመታ ጫፉ የሚከፈት ዓይነት መሆን አለበት። ክብደቱ ለአጋዘን ከ70፣ ለኤልክ ከ85 ግሬይን እንዳያንስ፣ ጉልበቱም 100 ያርድ ላይ 1,000 ፉት ፓውንድ እንዲሞላ ይጠየቃል። 308 ይህን ሁሉ ያልፋል። ስለዚህ ርካሹ ጥይት፣ ጫፉ ድረስ በልባስ የተሸፈነው ፉል ሜታል ጃኬት፣ ለአደን አይሆንም። ለልምምድ ብቻ ነው። ለልምምድ ደግሞ ከእሱ የተሻለ የለም፤ ፍሬው አንድ ዶላር ገደማ ወይም ከዚያ በታች ሲሆን ጥሩ የሚባለው የአደን ጥይት ከሁለት ዶላር በላይ፣ አንዳንዱም ሦስት ይጠጋል።

ከውጭ የሚመጣው ሁሉ አንድ አይደለም። ለረጅም ጊዜ ርካሽ ማለት የሩሲያ ማለት ነበር፤ ቀለሃው ብረት፣ ላዩ ላኬር ወይም ፖሊመር የተቀባ። አሜሪካ በሩሲያው ተቃዋሚ ፖለቲከኛ በናቫልኒ መመረዝ ሰበብ በጣለችው ማዕቀብ ከሴፕቴምበር 2021 ጀምሮ አዲስ የማስገቢያ ፈቃድ ስለተከለከለ ያ በር ጠቧል። አሁን በብዛት የሚታየው የሰርቢያው ፕርቪ ፓርቲዛን፣ የቼኩ ሴሊየር እና ቤሎ እና የመሳሰሉት ናቸው፤ በአብዛኛው ቀለሃቸው ናስ ነው። እኔ በእጅ ለሚቀባበል 308 የምመክረው የናሱን ብቻ ነው። ናስ ሲተኮስ ተለጥጦ ጥይቱ የገባበትን ክፍል ግድግዳ ይዘጋል፣ ግፊቱ ሲወርድ ደግሞ ሰብሰብ ብሎ ይለቃል። ብረት ያን ያህል አይለጠጥም። ጢሱ በጎኑ ወደ ኋላ ይመለስና ጥይቱ የሚገባበትን ክፍል በጥላሸት ያለብሰዋል። ከዚያ ሳይጸዳ የናስ ጥይት ስታስገቡበት ይነክሰዋል፤ ማቀባበያው በመዳፍ እየተመታ የሚከፈተው ያኔ ነው። «ላኬሩ ቀልጦ ነው» የሚሉትን አትስሙ፣ ጥፋተኛው ጥላሸቱ ነው።

ጥንታዊ የጦር ሠራዊት ትርፍ ጥይት በርካሽ ካገኛችሁ ደግሞ ፕራይመሩ፣ ማለትም ባሩዱን የሚለኩሰው ክፍል፣ ዝገት አምጪ መሆኑን ጠይቁ። በአሮጌው ፕራይመር ውስጥ ያለው ፖታሲየም ክሎሬት ሲነድ ፖታሲየም ክሎራይድ የሚባል ጨው ይተዋል፤ ጨው ደግሞ ከአየር እርጥበት ይስባል። ዘይት ጨው አያሟሟም። የመስኮት ማጽጃ ግዙ የሚሏችሁም አሞኒያው ያጠፋዋል ብለው ነው፤ የሚሠራው በውስጡ ያለው ውኃ ነው። ሙቅ ውኃ በአፈሙዙ ውስጥ አፍስሱ፣ የማቀባበያውን ፊት እጠቡ፣ በደንብ አድርቁ፣ ከዚያ ዘይት ቀቡ። በዚያው ዕለት፣ ለነገ ሳይባል።

የተኩስ ቦታ ማግኔትም አለ። ጣሪያ ያለው መለማመጃ ስትገቡ በሩ ላይ የቆመው ሰው ከፓኮው አንድ ፍሬ አንስቶ ማግኔት ያስጠጋል፤ ከተሳበ «አይቻልም» ነው። ምክንያት አላቸው፤ ብረት ያለበት አረር ከኋላ ያለውን መከላከያ ይበላል፣ ብልጭታም ያስነሳል። የሚያናድደው ሰዎቹ የሚፈልጉትን አለማወቃቸው ነው። ማግኔት የሚስበው ቀለሃው ብረት ቢሆንም፣ ልባሱ በመዳብ የተቀባ ብረት ቢሆንም፣ መሐሉ ብረት ቢሆንም ነው። ሦስቱ ሦስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የናስ ቀለሃና የእርሳስ እምብርት ያለውን ጥይት በቀጭን ልባሱ ብቻ «ብረት ቀዳጅ ነው» ብሎ የሚመልሳችሁ ሰው ጋር መከራከር ዋጋ የለውም። ፓኮው ላይም ልባሱ ከምን እንደሆነ ብዙ ጊዜ አይጻፍም። ትንሽ ማግኔት ይዛችሁ ሱቅ ሂዱ፤ ጫፉን ሞክሩ፤ ከሳበ ለውጭ ሜዳ ብቻ ግዙት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር።

የሱቁ ምክር እንዲህ የሚል ነበር። የአደን ጥይትህ 150 ግሬይን ከሆነ ርካሹንም 150 ግሬይን ግዛ፣ በርካሹ ስኮፑን አስተካክል፣ አደን ስትሄድ ውዱን አጉርስ፤ «ግሬይኑ አንድ ነው፣ ቦታውም አንድ ነው»። ይህ ሐሰት ነው። ጥቃቅን ልዩነት አለው ማለቴ አይደለም፣ ሐሰት ነው። በርካሹ 100 ያርድ ላይ ልክ መሐል ላይ የቆመው ጠመንጃ፣ ክብደቱ አንድ የሆነው ውድ ጥይት ሲገባበት 2 ኢንች ተኩል ዝቅ፣ አንድ ኢንች ወደ ግራ ብሎ መታ። ስኮፑ አልተነካም፣ ብሎኖቹ አልላሉም፣ ነፋስ አልነበረም።

2 ኢንች ተኩል ትንሽ ይመስላል፤ ግን ልዩነቱ ከርቀቱ ጋር ያድጋል። 300 ያርድ ላይ 7 ኢንች ተኩል ዝቅ፣ 3 ኢንች ወደ ግራ ይሆናል። የአጋዘን ልብና ሳንባ ያለበት ቦታ ስፋቱ 8፣ ቢበዛ 10 ኢንች ነው። መሐሉን ያነጣጠረ ሰው ለስህተት ያለው 4 ወይም 5 ኢንች ብቻ ነው። ስለዚህ ውጤቱ እግሩ የተሰበረ እንስሳ፣ እስኪመሽ የሚከተሉት የደም ዱካ ነው። ሻጩ ይህን ሳይፈትሽ ለስንቱ እንደነገረ ሳስብ አሁንም ያበሳጨኛል።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። ባሩዱ ሲነድ አፈሙዙ እንደ ክራር ክር ይርገበገባል፤ አረሩ የሚወጣው አፈሙዙ በዚያች ቅጽበት ወደተመለከተበት አቅጣጫ ነው። የባሩዱ ዓይነትና መጠን፣ የልባሱ ጥንካሬ፣ የአረሩ ርዝመት ሲለያይ ግፊቱ የሚነሳበት ፍጥነትና አረሩ የሚወጣበት ቅጽበት ይለያያል። ክብደት ከእነዚህ አንዱ ብቻ ነው። ወደ ጎን መሄዱም በዚህ ነው፤ የፍጥነት ልዩነት ብቻውን ወደ ግራ አይወስድም።

ስኮፑን ለማስተካከል የተጻፈው መመሪያም ነገሩን ያባብሳል። «ሦስት ተኩስ፣ መሐሉን ፈልግ፣ አዙር» ይላል። ሦስት ተኩስ ዕድል ነው። አንድ ጠመንጃ በአንድ ዓይነት ጥይት ዛሬ ሦስት ፍሬ በሦስት አራተኛ ኢንች ውስጥ ይሰበስብላችሁና ወዲያው በሚቀጥለው ሦስት ሁለት ኢንች ሊበተን ይችላል፤ ምንም ሳይበላሽ። በእነዚያ በሦስቱ ስኮፑን ባዞራችሁ ቁጥር የምታሳድዱት የራሱን የጠመንጃውን መበተን ነው። ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ፣ እንደገና ወደ ግራ። ጥይት የሚያልቀው እንዲህ ነው።

የሚሠራው ይህ ነው። ከእያንዳንዱ ዓይነት አሥር ፍሬ፣ ስኮፑን ሳትነኩ፣ ለእያንዳንዱ ለብቻ በተለጠፈ ወረቀት ላይ ተኩሱ። የአደን ጠመንጃ አፈሙዝ ቀጭን ስለሆነ በየሦስቱ አቁሙ፤ አፈሙዙን በእጃችሁ ይዛችሁ መቆየት እስክትችሉ ድረስ ማቀባበያውን ከፍታችሁ አስቀምጡት። ከዚያ የአሥሩን አማካይ መሐል አስሉ፤ ተቀራርቦ የመታውን ጥግግት ብቻ መርጣችሁ ሌላውን «አምልጦኝ ነው» አትበሉ። በአንድ ጠቅታ ሩብ ደቂቃ (የሰዓት ሳይሆን የማዕዘን) የሚንቀሳቀስ ስኮፕ 100 ያርድ ላይ ሩብ ኢንች ገደማ ይሄዳል። 2 ኢንች ተኩል ዝቅ ያለውን አሥር ጠቅታ ወደ ላይ፣ አንድ ኢንች ወደ ግራ ያለውን አራት ጠቅታ ወደ ቀኝ። ስኮፑ የሚስተካከለው በአደኑ ጥይት ብቻ ነው። የርካሹን ልዩነት ግን በሰደፉ ላይ በቴፕ ለጥፉት፦ «ልምምድ፦ 10 ጠቅታ ከፍ፣ 4 ጠቅታ ቀኝ ይመታል»። ሁለተኛ ጊዜ ማዞር አያስፈልግም፤ ርካሹ ከመሐል ውጭ እየመታ ልምምዱ ልምምድ ነው፣ የምትለማመዱት ምላጭ መሳብና መተንፈስ ነውና።

የመዳብ ብቻ የሆነ፣ እርሳስ የሌለው አረር ከመረጣችሁ አንድ ተጨማሪ ሥራ አለ። ከዚያ በፊት በተተኮሰው ልባስ ዝቃጭ ላይ ብትተኩሱት ጥግግቱ ሊበላሽ ይችላል። መዳብ በሚያሟሟ ፈሳሽ፣ ጨርቁ ሰማያዊ ሆኖ መውጣቱን እስኪያቆም ድረስ ወልውሉት። ከዚያ ጥቂት ፍሬ ሳትለኩ ተኩሳችሁ አፈሙዙን ካለማመዳችሁ በኋላ መለካት ጀምሩ። እኔ የመዳቡን የመረጥኩት በሥጋው ምክንያት ነው። እርሳስ ሲመታ እየተበታተነ ፍርፋሪው ከቁስሉ ራቅ ብሎ ይገባል፣ በዓይን አይታይም፣ በምላስም አይገኝም። ልጆች ላሉበት ቤት ጥብስ ይህ ቀልድ አይደለም። በነገራችን ላይ የኮሎራዶ ዋናው የጠመንጃ አደን ወቅት ኦክቶበርና ኖቬምበር ስለሆነ ከጽጌ ጾም ጋር ይገጥማል፤ የሚጾም ቤት ፍሪዘሩን አስቀድሞ ባዶ ያድርግ። ጥሬውን ደግሞ ተዉት፤ የዱር ሥጋ የቤት በሬ አይደለም።

«ውዱ ፍጥነቱ ወጥ ነው» የሚለው ማስታወቂያ እውነት ነው፤ ግን ለአዳኝ ብዙም አይጠቅመውም። በሁለት ተኩስ መካከል 60 ጫማ በሴኮንድ ልዩነት ቢኖር 300 ያርድ ላይ የሚያመጣው አንድ ኢንች ገደማ የከፍታ ልዩነት ነው። ከዚያ ርቀት በላይ የማይተኩስ ሰው ለውድድር ጥይት ገንዘብ አያፍስስ፤ አብዛኛው የውድድር አረር ሲመታ በአግባቡ ለመከፈት የተሠራም አይደለም። ውድ ዋጋ የሚያወጣው አረሩ አጥንት መትቶም ሳይበታተን ዘልቆ መግባቱ ነው። የ165 ግሬይን አረር በ2,700 ጫማ በሴኮንድ ሲወጣ፣ 100 ያርድ ላይ ከተስተካከለ፣ 200 ላይ 4 ኢንች፣ 300 ላይ 14 ኢንች ገደማ ይወርዳል። ይህንን ቁጥር በራሳችሁ ጥይት አረጋግጡ፤ ከፓኮው ጀርባ ያለው ሰንጠረዥ ብዙ ጊዜ የተለካው በ24 ኢንች አፈሙዝ ነው።

ግዢው ላይ፦ መጀመሪያ ከሦስት ወይም ከአራት ዓይነት የአደን ጥይት አንድ አንድ ፓኮ ግዙ፣ እያንዳንዱ 20 ፍሬ ነው። ጠመንጃችሁ የወደደውን ስታገኙ ፓኮው ክዳን ውስጥ የታተመውን የምርት ቁጥር አይታችሁ ከዚያው ቁጥር አምስት ፓኮ አንድ ላይ ውሰዱ። ቁጥሩ ከተለወጠ ባሩዱ ሊለወጥ ይችላል፣ ስለዚህ አዲስ ጥይት እንደገዛችሁ ቆጥራችሁ ዳግመኛ ፈትሹት። ርካሹን 500 ፍሬ በሚይዝ ካርቶን የምትገዙት አንድ ፓኮ ሞክራችሁ ካለፈ በኋላ ነው። ሲተኮስ ድምፁ ከወትሮው ቀነስ ካለ አቁሙ፣ ጥይት አውጡ፣ አፈሙዙ ውስጥ የተሰካ አረር አለመኖሩን በብርሃን እዩ። ካልተኮሰ ደግሞ አፈሙዙን ወደ ዒላማው እንዳዞራችሁ 30 ሴኮንድ ጠብቁና ክፈቱ።

የናሱን ቀለሃ አትጣሉት፤ ራሳቸው ጥይት የሚሞሉ ሰዎች ይገዙታል። ወደ አዲስ አበባ የምትበሩ ከሆነ ደግሞ የአደን ጃኬታችሁንና ቦርሳችሁን ኪስ በኪስ ገልብጡ። እዚህ የአየር ማረፊያ ፍተሻ ቅጣት አለው፤ ቦሌ ላይ ግን አንዲት ፍሬ ጥይት በጦር መሣሪያ አዋጅ ቁጥር 1177/2012 የምታስጠይቅ ጉዳይ ናት፣ «ከአደን የቀረች ናት» የሚለውን መልስም የሚቀበል የለም።