ደጀን አፋፍ ላይ የጎብኝዎች ማዕከል፦ ንድፌ እስካሁን የደረሰበት

ለልምምድ የያዝኩትን ንድፍ ለምትከታተሉ፦ የዚህ ዙር ትልቁ ለውጥ ቤቱን ከገደሉ ጫፍ አርቄ ወደ ሜዳው ማስገባቴ ነው። «ታዲያ እይታውስ?» የምትሉ እንደምትበዙ ይገባኛል። እስኪ ምክንያቴን ላስረዳ።

ቦታው ከአዲስ አበባ 230 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ፣ የዓባይን በረሃ ወጥታችሁ ጎጃምን የምትረግጡበት ደጀን ነው። ሜዳው ከባሕር ጠለል በላይ 2400 ሜትር ገደማ ሲሆን ወንዙ የሚፈሰው 1000 ሜትር አካባቢ ላይ ነው። ጤፉን እያያችሁ ስትሄዱ መሬቱ ድንገት ያልቃል። የቦታው ሀብት ይሄ ድንገተኛነት ነው፤ ንድፉ ከዚህ ሌላ ምንም ባያተርፍ እንኳ ይህንን ማበላሸት የለበትም።

አፋፉን ግን አትመኑት። ከላይ ጥቁር ድንጋይ ስለሆነ የሚነቃነቅ አይመስልም። ከሥሩ አሸዋ ድንጋይና የጭቃ ድንጋይ፣ ቀጥሎ የኖራ ድንጋይ፣ ከዚያ ጄሶና ሼል (በስስ ንጣፍ የሚሰነጠቅ የጭቃ ድንጋይ)፣ ወንዙ አጠገብ ደግሞ እንደገና አሸዋ ድንጋይ ይመጣል። ክረምት ሲገባ ውኃው በስንጥቁ እየሰረገ ለስላሳውን ንጣፍ ያረሰርሰዋል፤ በላዩ ያለው ናዳና ልቅ አፈር ይንሸራተታል። ከሸለቆው ማዶ ወዳለችው ጎሃ ጽዮን የሚወስደው አስፋልት እዚህም እዚያም የሚሰነጠቀውና የሚሰምጠው በዚሁ ነው፤ የጃፓን መንግሥት የልማት ትብብር ድርጅት የሆነው ጃይካም የሸለቆውን የመሬት መንሸራተት አጥንቷል። ስለዚህ ከገደሉ ወጥቶ የተንጠለጠለ የመስተዋት በረንዳ በሥዕል ቢያምርም እኔ አልፈርምበትም። የሽንት ቤት ፍሳሽና የጣሪያ ውኃም ወደ ገደሉ መሄድ የለባቸውም። ውኃውን ወደ ሜዳው መልሼ በድንጋይ በተገነባ ቦይ ወደ ገንዳ አስገባለሁ። ይህንን ቀድሜ ስወስን የቤቱ አቀማመጥ ግማሹ በራሱ ተወሰነ።

ሜዳው ላይም ቢሆን ነገሩ ቀላል አይደለም፤ አፈሩ ዋልካ ነው። ክረምት ያብጣል፣ በጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል። መሠረቱ ዋልካውን አልፎ ድንጋዩ ላይ መድረስ አለበት፤ ጥልቅ ከሆነ ደግሞ ዋልካው ተጠርጎ በተመረጠ አፈር ይተካል።

ስለ ቅየሳ አንድ ነገር ላንሳ፣ ብዙዎቻችሁ ከኢንተርኔት የከፍታ መረጃ አውርዳችሁ ስለምትሠሩ። በነፃ የሚገኘው የሳተላይት መረጃ አንዱ ነጥብ 30 ሜትር በ30 ሜትር ይሸፍናል። በዚህ ልክ ቀጥ ያለ ገደል ለስላሳ ቁልቁለት መስሎ ይወጣል። በዚያ መረጃ የካርቶን ሞዴል ስትቆርጡ ሰው ተንሸራቶ የሚወርድበት ዓይነት ዳገት ታገኛላችሁ። እኔ አጠቃላዩን ቅርጽ ከሳተላይቱ ወስጄ ቤቱ የሚያርፍበትን ቦታ በሜትርና ግንበኞች በሚይዙት የውኃ ልክ ጎማ (ውኃ በተሞላ፣ ውስጡ በሚታይ ቱቦ) ለካሁ። ጎማው ርካሽ ነው፣ አይዋሽም። ውስጡ የአየር አረፋ እንዳይቀር ብቻ ጠብቁ።

ስንለካ ከብት የሚጠብቁ አንድ አባት ቆመው ሲያዩን ቆዩና «ልጄ፣ እዚህ ቤት ልትሠራ ነው? ከቀትር በኋላ መጥተህ ቁም» አሉኝ። ቆምኩ። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ከገደሉ ወደ ላይ ነው የሚነፍሰው፤ ባርኔጣዬን ወደ ጤፉ ወሰደው። በየ1000 ሜትሩ 6.5 ዲግሪ ገደማ ልዩነት አለ ብላችሁ ብታሰሉ፣ ወንዙ አካባቢ ያለው ሙቀት ከሜዳው በ9 ዲግሪ ገደማ ይበልጣል። ፀሐይ የሸለቆውን ጎን ስታግል አየሩ ዳገቱን ተከትሎ ይወጣል። ጫፍ ላይ የሚቀመጥ የቆርቆሮ ክዳን ይህንን ነፋስ ከሥር ነው የሚቀበለው፤ ከሥር የመጣ ነፋስ ደግሞ ክዳን ይገነጥላል።

ታዲያ እይታው? መልሱን ያገኘሁት ከገጠር ቤተ ክርስቲያኖቻችን ነው። በደጀ ሰላሙ ዝቅ ብላችሁ ትገባላችሁ፣ ከዚያ ጽዱና ወይራው ነው፤ ቤተ ክርስቲያኑ የሚታየው ዛፉን ስታልፉ ነው። ማዕከሉንም እንደ ደጀ ሰላም አሰብኩት፤ ዝቅ ያለ፣ ወደ ገደሉ በኩል መስኮት የሌለው። ጎብኝው ከአውቶቡስ ወርዶ ቡናውን ይጠጣል፣ ሽንት ቤት ይጠቀማል (እውነቱን እንነጋገር፣ ከአራት ሰዓት ጉዞ በኋላ ሰው መጀመሪያ የሚፈልገው ይሄንን ነው)፣ ከዚያ በግንብ መሐል ወደሚያልፍ መተላለፊያ ይገባል። ግንቡ ሲያልቅ ሸለቆው አለ። ጫፉ አካባቢ የሚኖረው ከደረት በታች የሆነ የድንጋይ ካብ ብቻ ነው።

በጣም የምወደው ክፍል ይህ መተላለፊያ ነው። የሸለቆው ጥልቀት 1400 ሜትር ገደማ ስለሆነ ርዝመቱን 14 ሜትር አደረግሁት፤ አንዱ ሜትር መቶ ሜትር ቁልቁለት ነው። ግንቡ የሚሠራው በየንጣፉ ቅደም ተከተልና በየራሱ ድንጋይ ነው፦ መግቢያው ላይ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ዕድሜ ያለው ባዛልት፣ መሐሉ ላይ እዚህ ባሕር በነበረበት ዘመን የተኛው የኖራ ድንጋይ፣ መውጫው ላይ አሸዋ ድንጋይ። ጄሶው ዝናብ ካገኘው ስለሚሟሟ ያ ክፍል ጣሪያ ይኖረዋል። ክረምት ጉም ሸለቆውን ሞልቶ ምንም በማይታይበት ቀን የመጣ ሰው ቢያንስ በሸለቆው ውስጥ በእጁ እየዳሰሰ ያልፋል።

ጣሪያው ገና አላለቀም። ቆርቆሮ ከጎሃ ጽዮን በኩል ሲያብረቀርቅ ስለሚታይ ትቼዋለሁ። የሣር ክዳን ደስ ይለኛል፤ ግን ውኃ እንዳያስገባ በጣም ሾጣጣ መሆን ይፈልጋል፣ ያኔ ቤቱ ከጤፉ በላይ ብቅ ይላል። አሁን ያዘነበልኩት ወደ አፈር ጡብ ቅስት ነው። በደቡብ አፍሪካ የማፑንጉብዌ ማዕከል፣ ፒተር ሪች የነደፈውና በ2009 እ.ኤ.አ. የዓለም አርክቴክቸር ፌስቲቫልን ከፍተኛ ሽልማት ያገኘው፣ ቅስቶቹ ጥቂት ሲሚንቶ በተጨመረበት የተጠቀጠቀ አፈር በአካባቢው ሰዎች እጅ በተሠሩ ስስ ጡቦች ነው የቆሙት። እኛም ዘንድ አዲስ አበባ፣ ልደታ ሕንፃ ኮሌጅ ግቢ ውስጥ በዚሁ ዘዴ የተሠራ የሙከራ ቤት አለ፤ ያላያችሁት እዩት። ፌሮ ይቆጥባል፣ ሥራውም ለደጀን ልጆች ይተርፋል።

ችግሩ አፈሩ ነው። ከሁለት ቦታ ያመጣሁትን በሃይላንድ ጠርሙስ ከውኃ ጋር በጥብጬ አሳደርኩት። ቀዩ አፈር ከታች ወፍራም አሸዋ፣ ከላይ ስስ ሸክላ ሆኖ ተኛ። ዋልካው ግን በማግስቱም ውኃው አልጠራም፤ ሸክላው በጣም ስለበዛ ለጡብ አይሆንም፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ቀዩን አፈር የሰው ማሳ ሳልነካ ከየት እንደማመጣው እያሰብኩ ነው። ለመንገድ ሥራ ተቆፍሮ የተተወ ጉድጓድ በዚያ አካባቢ የምታውቁ ካላችሁ ጠቁሙኝ። በአፈር ጡብ ቅስት ላይ የውኃ መከላከያ ሠርታችሁ ሁለት ሦስት ክረምት ያሳለፋችሁም ብትኖሩ፣ በኖራ ነው ወይስ በሬንጅ ንጣፍ የሠራችሁት?