በየወሩ የሚመጣን የመጽሐፍ ሳጥን እንዴት እመዝናለሁ

ለታዳጊ ወጣቶች መጽሐፍ መርጠው፣ ትንንሽ ስጦታ ጨምረው፣ በካርቶን አሽገው በየወሩ የሚልኩ አሉ። ደብረ ማርቆስ ላይ ሆኜ እነዚህን ሳጥኖች መገምገም ስጀምር ከፍቼ፣ ፎቶ አንስቼ፣ «ደስ ይላል» ማለት ይበቃ መስሎኝ ነበር። እንዲያ ያለው ጽሑፍ ግን ግምገማ ሳይሆን የእንኳን ደስ አላችሁ ካርድ ነው። አሁን የወጥ ቤት ሚዛን፣ ማስመሪያ፣ ስልክና ደብተር ሳልይዝ ሳጥን አልነካም።

ሳይከፈት ስድስቱንም ጎኑን ፎቶ አነሳለሁ። ከዚያ ቪዲዮውን ሳላቋርጥ እየቀረጽኩ እከፍታለሁ፤ የተቆራረጠ ቪዲዮ ለአቤቱታ አይሆንም። ደብተሩ ላይ የተላከበትና የደረሰበት ቀን ለየብቻ ይጻፋል፤ የተላከበትን የምወስደው ከመናኸሪያው የጭነት ደረሰኝ ነው። ከአዲስ አበባ እስከዚህ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ መንገድ ክፍት ሲሆን የአንድ ቀን ጉዳይ፣ ሲዘጋ ግን መቼ እንደሚደርስ አይታወቅም። የመንገዱን ጥፋት በላኪው ማላከክ ግፍ ነው። ላኪው ዘግይቶ አሽጎ በመንገድ ሲያሳብብም ደረሰኙ ያጋልጠዋል።

ቀጥሎ ካርቶኑን እለካለሁ። መጽሐፉ 14.8 በ21 ሳንቲ ሜትር ሆኖ በዙሪያው ከ2 ሳንቲ ሜትር በላይ ክፍት ቦታ ካለ፣ አውቶቡሱ በነቀነቀው ቁጥር ይንሸራተታል፤ መጀመሪያ የሚጎዳው የሽፋኑ ማዕዘን ነው። የተጨማደደ ጋዜጣ ክፍተቱን ይሞላል። ከላይ የተበተነ የወረቀት ጭረት ለፎቶ ያምራል እንጂ መጽሐፍ አይዝም።

መንገዱ ዓባይ በረሃን አቋርጦ ነው የሚመጣው፤ ከሺህ ሜትር በላይ ወርዶ መልሶ ይወጣል፣ ታች ያለው ሙቀት ደግሞ የደጋ ሙቀት አይደለም። ስለዚህ መዓዛ ያለው ሻማና ቸኮሌት ከመጽሐፉ ጋር በአንድ ከረጢት የገባ ከሆነ ነጥብ እቀንሳለሁ። የቀለጠ ሻማ ሽፋኑ ላይ የተወውን ቅባት ማስለቀቅ ከባድ ነው፤ በጥፍር ሲፋቅ ቀለሙም አብሮ ይነሳል። የቸኮሌቱ ነገር ሌላም ጣጣ አለው። በዐቢይ ጾም ወይም በፍልሰታ የወተት ቸኮሌት የሚልክ ሰው ለማን እንደሚልክ አላሰበም፤ ጎጃም ውስጥ ብዙ ልጅ ጠቅልሎ እስከ ፍስክ ያስቀምጠዋል። ቆሎ ቢልክ ይሻላል፤ አይቀልጥም፣ ጾም አያስፈታም።

አሁን ወደ ዋናው፣ ወደ መጽሐፉ። መሀሉን ገልጬ ጀርባውን በቀስታ ጫን አደርጋለሁ። በሙጫ ብቻ የተጠረዘና ሙጫው የደረቀ ከሆነ ወዲያው ይንጣጣል፤ እንዲህ ያለው መጽሐፍ በሦስተኛው ተዋሽ እጅ ቅጠል ይሆናል። በስፌት የተጠረዘው መሀሉ ላይ ክር ይታያል። ከዚያ የገጽ ቁጥር። ማተሚያ ቤት ብዙ ጊዜ መጽሐፍ የሚሰበስበው 16 ገጽ በሆነ እጥፍ ስለሆነ፣ ሲጎድልም ሲደገምም በ16 ነው። በየ16 ገጹ አንዴ ማየት ይበቃል፤ 250 ገጽ በሁለት ደቂቃ ያልቃል።

ሚዛኑ የሚያገለግለው እዚህ ነው። ከላይ በጠቀስኩት መጠን 250 ገጽ ማለት 125 ቅጠል ነው፤ በ70 ግራም ወረቀት (አንድ ሜትር ካሬው 70 ግራም በሚመዝን) ውስጡ ብቻ 270 ግራም ግድም፣ በ80 ግራም ደግሞ 310 ይመዝናል። «በ80 ግራም ወረቀት የታተመ» ተብሎ ከነሽፋኑ 280 የሚመጣ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። ያለ ደራሲው ፈቃድ ተባዝቶ የተሸጠ ቅጂም በዓይን ይታወቃል፦ ፊደሉ ወፍሮ ይደበዝዛል፣ ወደ መጠረዣው ጥላ ይኖረዋል። ይህን ያየሁበት ሳጥን ሌላው ሁሉ ቢያምር ከእኔ ነጥብ አያገኝም፤ የደራሲውን እንጀራ ነጥቆ በሪባን ማሰር ነውና።

ሒሳቡ አጭር ነው፤ መጽሐፉ ከሳጥኑ ዋጋ ግማሹን መሸፈን አለበት። ሳጥኑ 1,000 ብር ሆኖ የመጽሐፉ የሽፋን ዋጋ 350 ከሆነ፣ ቀሪውን የከፈልነው ለኩባያና ለዕልባት ነው። የጭነት ክፍያም ይደመራል። ከውጭ፣ በዘመድ ካርድ ለሚታዘዝ ሳጥን ደግሞ ዶላሩን በዕለቱ ምንዛሪ እጽፋለሁ፤ በሐምሌ 2016 ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ግድም የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንት ውስጥ ከ100 አለፈ፣ የቆየ ግምገማ ሁሉ ዋጋው ውሸት ሆነ። በፈረንጅ ወር ወይስ በእኛ እንደሚያስከፍሉም ይጠየቅ። አንድ ላኪ ጳጉሜን እንደ ወር ቆጥሮ ለ5 ቀን ሙሉ ሂሳብ ጠይቆኛል።

ብዙ የተሳሳትኩት ዕድሜ ላይ ነው። እኔ የወደድኩትን የ13 ዓመት ልጅ ምዕራፍ 2 ላይ ይተወዋል። «ለወጣት» ተብሎ የሚመጣው ወይ ተረት ነው፣ ወይ የአዋቂ ፍቅር። ስለዚህ አንድ የ13፣ አንድ የ17 ዓመት አንባቢ ለየብቻ ያነባሉ፤ 20 ደቂቃ ሰጥቼ ስንት ገጽ እንደሄዱ እጽፋለሁ። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ቢሆንም ልብ ወለድ ሌላ ቋንቋ ነው፤ በአማርኛ 12 ገጽ የሄደ ልጅ በእንግሊዝኛ 4 ላይ ቢቆም ሳጥኑ አይጠላ፣ ግን ለገዢው ይነገረው። የት እንዳቆሙ እጠይቃለሁ እንጂ «ወደዳችሁት?» አልልም፤ ለዚያ ጥያቄ በይሉኝታ ሁሉም «አዎ» ነው።

ከሦስት ወር በፊት ፍርድ አልሰጥም። የመጀመሪያው ሳጥን አቦል ነው፤ ደንበኛ ለመያዝ የታሸገ። ቶናው ላይ ስጦታው ይሳሳል፣ በረካው ላይ መጽሐፉ ራሱ ከመጋዘን የተረፈ ሊሆን ይችላል። በነጻ የተላከልኝን በመጀመሪያው መስመር እናገራለሁ፤ ለገምጋሚ የሚሄደው ሳጥን በእጅ የተመረጠ ስለሚሆን ያንኑ ወር በሌላ ሰው ስም በቴሌብር ከፍዬ ሌላ አስመጣለሁ። ሁለቱ ሚዛን ላይ እኩል ካልመጡ የምጽፈው ስለቀለለው ነው።