ቀዶ ሐኪም የነበረው የሥዕል መምህር

ሄንሪ ቶንክስን ያወቅሁት አንድ ወጣት ወታደር አገጩ ተቦድሶ፣ ዓይኖቹን ግን ሳይሰብር ወደ ተመልካቹ በሚያይበት፣ በፓስቴል ማለትም በደረቅ ባለቀለም ጠመኔ በተሠራ ሥዕል ነው። ሠዓሊው ሐኪም መሆን አለበት ብዬ ገመትሁ፤ አልተሳሳትሁም።

ቶንክስ እ.ኤ.አ. በ1862 በእንግሊዝ አገር በሶሊሀል ተወለደ። በለንደን ሆስፒታል በስመ ጥሩው ቀዶ ሐኪም በፍሬድሪክ ትሬቭስ ሥር ከሠራ በኋላ፣ በ1888 የንጉሣዊው የቀዶ ሐኪሞች ኮሌጅ ሙሉ አባል ሆነ። በዚያው ዓመት ቀን ቀን ሕሙማንን እያከመ፣ ማታ ማታ በዌስትሚንስተር የሥዕል ትምህርት ቤት ከፍሬድሪክ ብራውን ዘንድ ንድፍ ይማር ጀመር፤ ብራውን በ1892 የስሌድ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ፕሮፌሰር ሆኖ ሲሾምም ተማሪውን በመምህርነት ወሰደው። እኔ በሠላሳ ዓመቴ ሕክምናን ትቼ ሥዕል ላስተምር ብል፣ እናቴ ሽማግሌ ትልክብኝ ነበር።

በክፍል ውስጥ የሚፈራ ሰው ነበር፤ ትችቱ ተማሪዎችን እስከ ማስለቀስ ይደርስ ነበር። ከቆዳው በታች ያለውን አጥንት ሳያስቡ የሚሰመር መስመር አያረካውም። ሠዓሊዎቹ ስታንሊ ስፔንሰር፣ ፖል ናሽ፣ ዴቪድ ቦምበርግና ዶራ ካሪንግተን ከእርሱ ሥር ተምረው ወጥተዋል። የሥነ ጥበብ ሐያሲው ሮጀር ፍራይ በ1910 የአዲሱን አሳሳል ሠዓሊዎች፣ የሴዛንን፣ የጎጋንንና የቫን ጎህን ሥራዎች ለለንደን ሲያሳይ ግን ቶንክስ ሊከለክላቸው እንደማይችል፣ ነገር ግን ባይሄዱ እንደሚመርጥ ለተማሪዎቹ ነገራቸው። በዚህ ነገር፣ በእኔ ግምት፣ በአዲሱ አሳሳል መሸነፉ አልቀረም።

የአንደኛው የዓለም ጦርነት ሁለቱን ሙያዎቹን አገናኘለት። በ1916 በአልደርሾት ወታደራዊ ሆስፒታል ሃሮልድ ጊሊስ በጦርነቱ የፈረሰ ፊት በቀዶ ሕክምና ሲጠግን፣ ቶንክስ ቁስለኞቹን ከሕክምናው በፊትና በኋላ ይሥላቸው ነበር። የሕክምና ፎቶግራፍ ጥቁርና ነጭ በነበረበት በዚያ ዘመን፣ ፓስቴሉ የቁስሉን ቅላትና አዲስ የተሰፋውን ቆዳ ፈዛዛ መልክ ይዞ አስቀረ። ሥዕሎቹ ለሐኪም ማስረጃ ይሁኑ እንጂ፣ ቁስሉን ከሰውየው አልነጠሉትም፤ በእኔ ዓይን ከሥራዎቹ ሁሉ የሚልቁትም ስለዚህ ነው። እርሱ ራሱ ግን ለሕዝብ ዕይታ የሚቀፉ ናቸው ብሎ ያምን ነበር።

ከ1918 እስከ 1930 የስሌድ ፕሮፌሰር ሆኖ ሠራ፤ ጡረታ ሲወጣ የቀረበለትን የባላባትነት ማዕረግ አልቀበልም አለ። በ1936 ቴት ጋለሪ ሥራዎቹን ሰብስቦ አሳየ፤ በማግሥቱ ዓመት በጥር ወር አረፈ። የወታደሮቹ ፓስቴሎች ግን ዛሬ የሚገኙት፣ ገና ሥዕል ሲጀምር አባሉ ባደረገው በዚያው የቀዶ ሐኪሞች ኮሌጅ ነው።