በሩን ዘጋች

በአንድ አሳታሚ ድርጅት አርታኢ ሆኜ ሥራ በጀመርሁበት ዓመት፣ በዕድሜ የገፉ አንዲት ደራሲ ያስገቡት የአጫጭር ልብ ወለዶች ረቂቅ ደረሰኝ። ባለቤትና ተሳቢ ቀድመው ማሰሪያ አንቀጽ መጨረሻ ላይ እንደሚመጣ፣ የረዘመ ዓረፍተ ነገርም አንባቢን እንደሚያደክም አምኜ ስለነበር፣ ረቂቁን በቀይ ብዕር ሞላሁት።

ከሁሉ ይልቅ የደከምሁበት ይህ ነበር፦ «እናቱ ደጃፉ ላይ ቆማ፣ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ከአውቶቡሱ የሚወርደውን ሰው ሁሉ አንድ በአንድ አይታ፣ የመጨረሻው መንገደኛ ጥጉን እስኪታጠፍ ጠብቃ፣ በሩን ዘጋች።» እኔ በአምስት ከፈልሁት፦ «እናቱ ደጃፉ ላይ ቆመች። ነጠላዋን አጣፋች። ከአውቶቡሱ የሚወርዱትን ሰዎች አየች። ልጇ ግን አልመጣም። በሩን ዘጋች።»

ደራሲዋ ቢሮ መጥተው እርማቱን አዩና፣ «ልጄ፣ እስቲ ሁለቱንም ድምፅህን ከፍ አድርገህ አንብብልኝ» አሉኝ። የእኔን ሳነብ በየአራት ነጥቡ ድምፄ ይወድቃል፤ የእሳቸውን ሳነብ ግን ትንፋሼ ተንጠልጥሎ ቆየ። ቆማ፣ አጣፍታ፣ አይታ፣ ጠብቃ የሚሉት ቦዝ አንቀጾች ብቻቸውን ሐሳብ አይቋጩም፤ ማሰሪያቸውን ይጠብቃሉ፤ አንባቢውም ከእናቲቱ ጋር ይጠብቃል። «ዘጋች» ላይ ሲደርስ ልጁ እንዳልመጣ ማንም ሳይነግረው ያውቃል። «ልጇ ግን አልመጣም» ብዬ የጨመርሁት ያንን ዝምታ የሚያፈርስ ነበር። አማርኛ ግሱን ወደ መጨረሻ ማቆየቱን እንደ ደንብ አጥንቼዋለሁ፤ ደራሲ ሐዘን ሊሠራበት እንደሚችል ግን ያን ቀን ነው በጆሮዬ የሰማሁት።

«መጣ ያ ቀን» የሚለውንም «ያ ቀን መጣ» ብዬ አስተካክዬው ነበር። ገጣሚዎቻችን ቤት ለመምታትም ሆነ አንድን ቃል ለማጉላት ግሱን ከቦታው እንደሚያነሡ እያወቅሁ፣ በስድ ንባብ ሳየው ስሕተት መሰለኝ። እሱም ወደ ነበረበት ተመለሰ።

እርማቶቼ ሁሉ ግን አልወደቁም። «ትናንት ልጇ እንደ መጣ ነገረችኝ» በሚለው ውስጥ «ትናንት» የመጣበት ቀን ይሁን የነገረችበት አይለይም። ይህን ሳሳያቸው፣ «ይኼንስ ልክ ነህ፤ አላሰብሁትም» አሉና «ልጇ ትናንት እንደ መጣ ነገረችኝ» ተባለ። እስከ ዛሬ የሚያስጨንቀኝም ይኸው ነው፤ ደራሲ ሳያስበው ያመለጠው አሻሚ አገባብና አስቦበት ያዘገየው ግስ በረቂቅ ላይ ሲታዩ ያው ይመስላሉ፤ ለመለየት ደራሲውን ከመጠየቅ የተሻለ መንገድ አላገኘሁም።

የእናቲቱ ዓረፍተ ነገር ወደ ኅትመት ሲሄድ እሳቸው ራሳቸው አንድ እርማት አደረጉበት። «ጠብቃ» ከሚለው ቀጥሎ ያለውን ነጠላ ሰረዝ በእርሳስ ሰርዘው፣ «እዚህ ጋ ትንፋሽ አትስጣት» አሉኝ።