ከሦስት ሳምንት በኋላ ቀጭ አለ!

ዛሬ ቤተ ሙከራ የገባሁት ፊቴን አጨፍግጌ ነው። ሁለት ሞለኪውሎችን ላያይዝ ሦስት ሳምንት ሙሉ ታገልኩ፤ እምቢ አሉኝ። ጠዋት መንገዱን ቀየርኩ። አንዱ ላይ አዛይድ (ሦስት ናይትሮጅኖች የተደረደሩበት ጫፍ)፣ ሌላው ላይ አልካይን (ሁለት ካርቦኖች በሦስት ትስስር የተያያዙበት) አስገብቼ፣ ቆንጠር አድርጌ የመዳብ ጨው ጨመርኩ።

ከምሳ በኋላ ድብልቁን ንጥረ ነገሮችን ለያይታ በነጥብ በምታሳየው የሲሊካ ሳህን ላይ ጠብ አድርጌ በአልትራቫዮሌት መብራት አየሁት። የመነሻው ሞለኪውል ነጥብ የለም፤ አልቋል! ዝቅ ብላ አንዲት ጥርት ያለች ነጥብ ብቻ። ብቻዬን ሳቅሁ።

ክሊክ ኬሚስትሪ የሚሉት ይሄ ነው። እንደ ቀበቶ ዘለበት ቀጭ ይላል። ኬሚስቶቹ ሻርፕለስና ሜልዳል እ.ኤ.አ. በ2002 ለየብቻቸው ነው በመዳብ ያሳዩት። ችግሩ መዳብ ሕያው ሕዋስን ይመርዛል። እኔን ሁሌ የሚገርመኝ የኬሚስቷ የካሮሊን ቤርቶዚ መላ ነው። አልካይኑን ስምንት ካርቦን ባለው ቀለበት ውስጥ አጉብጣ ከተተችው። በተፈጥሮው ቀጥ ማለት የሚፈልግ ነገር ሲጎብጥ እንደተወጠረ ላስቲክ ይሆናል፤ አዛይድ ሲያገኝ ያለ መዳብ ራሱ ይያያዛል። ይህን በ2004 አሳየች። በ2022 ሦስቱም የኬሚስትሪ ኖቤልን ተካፈሉ። ለሻርፕለስማ ሁለተኛው ነው፤ ይብላኝ ለእኛ በአንዲት ነጥብ ለምንፈነጥዘው።

ለእኔ የቀረኝ መዳቡን አጥቦ ማውጣት ነበር። በመዳቡ ሰማያዊ የሆነው ውሃ እስኪጠራ ስንቴ እንደደጋገምኩ እኔ ነኝ የማውቀው። ማታ ብልቃጡን ፍሪጅ ከትቼ ወጣሁ።

አሁን አልጋ ላይ ሆኜ ግን ስያሜ ለጥፌበት ይሆን እያልኩ ነው።