አቦል፣ ቶና፣ በረካ

ዛሬ ደሴ ውስጥ ቡና ላይ አንድ ልጅ «እትዬ፣ አቦል፣ ቶናና በረካ የሦስት ፍየሎች ስም ነበር የሚባለው እውነት ነው?» ብሎ ጠየቀ። እትዬ ሳቅ ብለው «እኔ የማውቀው በረካው ሳይጠጣ እንደማይነሳ ነው» አሉት።

የፍየሎቹን ነገር ተዉት። አቦል የዐረብኛው «አወል» ነው፤ አንደኛ ማለት። ቶናም ከ«ሳኒ»፣ ከሁለተኛው ጋር ይያያዛል። ሦስተኛው ስኒ ላይ ግን ቆጠራው ይቋረጣል። ቢቀጥል «ሳሊስ» ይሆን ነበር፤ በቁጥሩ ቦታ ምርቃት ገባ።

በረካና በረከት ሥራቸው አንድ ነው፤ ብ-ር-ክ። ታዲያ የስኒው ስም ከግእዝ ነው ከዐረብኛ? መጨረሻውን ማየት ነው። ግእዝ «ት»ን አጥብቆ ይዞ በረከት ይላል። ዐረብኛ ቃሉ ላይ ሲቆም «ት»ን ጥሎ በረካ ይላል። ስለዚህ ስኒው ላይ ያለው የዐረብኛው ነው፤ ክርስቲያኑም ቤት ያው በረካ ነው። (ወሎ ውስጥ ደግሞ ይሄን ማን ይጠይቃል!)

መመሳሰል ብቻውን ግን አይበቃም። ወረኢሉ፣ ወረባቦ፣ ወረሂመኖ በሚሉት የወሎ ቦታ ስሞች ላይ ያለው «ወረ» የኦሮምኛው «ወራ» ነው፤ ቤተሰብ፣ ወገን። የሚያስተማምነው ተከትሎት የሚመጣው የወገን ስም መሆኑ ነው። ይህን ሳያዩ በ«ወረ» የጀመረውን ሁሉ የሚያግበሰብሱ አሉ። እንዲያ ከሆነማ ወረርሽኝንም ኦሮምኛ ልንለው ነው፤ «ወረረ» እዚሁ ቁጭ ብሎ!