የእማዬ ቡና በመርከብ ላይ

እማዬን በክሩዝ መርከብ ቤርሙዳ ደሴት ልወስዳት ስወስን ቤተሰቡ በሙሉ ያሰበው ስለ ባሕሩ ነው። ትፈራ ይሆን? ያስመልሳት ይሆን? እኔን ያስጨነቀኝ ግን ቡናዋ ነበር። እማዬ የደብረ ብርሃን ሰው ናት። ጠዋት ቡና ሳትቀምስ ወሬ የላትም። ከረፈደባት ደግሞ ራሷን ይዟት ይውላል። አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ እኔ ዘንድ ከመጣች በኋላም ይኼ አልተለወጠም። ስለዚህ ትኬት ከመቁረጤ በፊት የመርከቡን ደንብ ቁጭ ብዬ አነበብኩ።

ሙቀት የሚያወጣ ዕቃ ይዞ መግባት ክልክል ነው። የውኃ ማፍያ፣ የቡና ማሽን፣ የኤሌክትሪክ ምድጃ፣ ካውያ፣ ሻማ፣ ዕጣን፣ ሁሉም። ሻንጣ በኤክስሬይ ያልፋል፤ የተገኘ ዕቃ እዚያው ይያዛል። የእንግሊዞቹ የመርከብ ኩባንያዎች ፒ ኤንድ ኦ እና ኩናርድ ራሳቸው በየክፍሉ ማፍያ ያስቀምጣሉ፤ ለሻይ መቼም አይጨክኑም። ከአሜሪካ ወደቦች በሚነሱት በአብዛኞቹ መርከቦች ግን ክፍል ውስጥ ማፍያ አይገኝም። የእኛም እንደዚያው ነበር።

እማዬ ስትሰማ ተቆጣች። «ከሰል የለ፣ ምድጃ የለ፣ ዕጣን የለ፤ ታዲያ ምኑን ቡና ሆነ?» አለች። እኔ ደንቡ ልክ ነው ባይ ነኝ። እ.ኤ.አ. በ2006 ስታር ፕሪንሰስ የምትባል ትልቅ መርከብ ወደ ጃማይካ ስትጓዝ ሌሊት በረንዳ ላይ እሳት ተነሣባት። መርማሪዎቹ መነሻው በደንብ ሳይጠፋ የተጣለ ሲጋራ ሳይሆን አይቀርም አሉ። እሳቱ ከበረንዳ በረንዳ እየዘለለ ብዙ ክፍሎችን በላ። አንድ መንገደኛ ሞተ። ባሕር መሐል ደግሞ የእሳት አደጋ መኪና ጠርተህ አይመጣልህም። ይኼን ስነግራት ትንሽ ዝም አለችና «እንግዲያው ያለ እሳት አፍዪልኛ!» አለችኝ።

እኔም ነገሩን ያዝኩት። የጀበና ቡና ማጥለያ የለውም። ውኃውና ቡናው አብረው ይቆያሉ፤ ከዚያ ይሰክናል፤ አተላው ታች ይቀራል። ስለዚህ የሚያስፈልገው ሙቀቱን ይዞ የሚቆይ ዕቃና ትዕግሥት ነው። ፔርሙዝ እቤት አለ። ትዕግሥቱን ከእማዬ በላይ የሚያውቀው የለም።

ከመሄዳችን በፊት በነበረው ምሽት ሲዳማ ቡናዋን ቤት ቆላች። መስኮቱን ከፍተን፣ የጭስ ማስጠንቀቂያው እንዳይጮህ ማራገቢያ አዙረንበት። አፓርታማ ውስጥ ቡና የቆላ ሁሉ ይኼን ሥራ ያውቀዋል። እኔ ደግሞ ከወትሮው ሻከር አድርጌ ፈጨሁት። በጣም የደቀቀ ቡና ፔርሙዝ ውስጥ ቶሎ አይሰክንም፤ አፍ ውስጥ ይገባል። አየር በማያስገባ ከረጢት ዘጋሁት። እኛ ባልቲሞር ወደብ ድረስ በመኪና ነው የሄድነው። ፍሎሪዳ ድረስ በአውሮፕላን ሄዳችሁ መርከብ የምትይዙ ግን ቡናውን በሚላከው ሻንጣ ውስጥ ክተቱት። በእጅ ሻንጣ ከ350 ሚሊ ሊትር በላይ የሆነ ዱቄት ነገር ለብቻው ወጥቶ ይፈተሻልና ሰልፉ ላይ ያቆማችኋል። መርከቡ ላይ ደግሞ ቤት የተሠራ ምግብ አይገባም። ቆሎውን ከሐበሻ ሱቅ የታሸገውን ገዛሁ።

ጀበናዋን ግን አልተውም አለች። በጋቢ ጠቅልላ በእጇ ይዛ ሄደች። ወደቡ ላይ ፈታሿ አወጣችው። አገላብጣ አየችው፣ ቂጡን አየች፣ አንገቱን አየች። ሽቦ የለው፣ ሶኬት የለው፤ ሸክላ ብቻ ነው። ፈገግ ብላ በሁለት እጇ መለሰችላት።

መርከቡ ከባልቲሞር ሲወጣ የቼሳፒክን ባሕረ ሰላጤ ጨርሶ ውቅያኖስ እስኪገባ ሌሊቱ ይሄዳል። በማርች 2024 የኪ ድልድይ የወደቀበት ቦታ ስንደርስ ብዙ ሰው ወደ ጠርዙ ወጥቶ ቆመ። ስድስት ሠራተኞች የሞቱበት ነው። ስነግራት አማተበች። ማታ ከእራት በኋላ የመርከቡን ቡና ቀምሳ ነበር። ከትልቁ ማሽን የሚቀዳውን ማለቴ ነው፤ የሚከፈልበትስ ደህና ነው። አንድ ጊዜ ፉት አለችና «እጣቢ» ብላ አስቀመጠችው።

ጠዋት ገና አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ተነሥታ ጠበቀችኝ። ያደረግነውን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ፔርሙዙን ከመታጠቢያ ቤቱ ቧንቧ በሚወርደው ሙቅ ውኃ ሞልቼ አስቀመጥኩት። ቀዝቃዛ ፔርሙዝ የውኃውን ሙቀት ይበላዋል። ከዚያ ላይኛው ወለል ላይ ወዳለው ቡፌ ወጣሁ። የሻይ ውኃው ሌሊቱን ሙሉ አለ። የራስን ዕቃ ከቧንቧው ሥር አስገብቶ መቅዳት ግን አይፈቀድም፤ የሆድ በሽታ እንዳይዛመት ነው። እዚያ ያለውን ልጅ ብጠይቀው ትንሽ የብረት ማንቆርቆሪያ ሞልቶ ሰጠኝ። ሮጥኩ ማለት ይቻላል። ክፍላችን ስደርስ የፔርሙዙን ውኃ ደፋሁ፤ ለግማሽ ሊትር አራት የሾርባ ማንኪያ ሙሉ ቡና ጨመርኩ፤ ውኃውን አፈሰስኩበት፤ አንዴ ነቅነቅ አድርጌ ዘጋሁት። አሥር ደቂቃ።

እማዬ አላመነችም። «ውኃው አልፈላም እኮ» አለች። እውነቷን ነው፤ ያፋጃል እንጂ አይንተከተክም። ግን አንድ ነገር አስታወስኳት። ደብረ ብርሃን ከ2,800 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። እዚያ ላይ ውኃ 100 ዲግሪ አይደርስም፤ 91 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል። ዕድሜ ልኳን ስትጠጣ የኖረችው ቡና ባሕር ዳርቻ ካለ ሰው ቡና ቀዝቀዝ ባለ ውኃ የፈላ ነው። ቡና ለማውጣት ከ90 እስከ 96 ዲግሪ ይበቃል ይላሉ ባለሙያዎቹም። ትኩር ብላ አየችኝና «ለዚህ ነዋ እዚህ አገር ቡናው የሚመርረኝ» አለች። በዚህ አልተከራከርኳትም።

አሥር ደቂቃው ሲሞላ ፔርሙዙን ቀስ ብላ ወደ ጀበናው ገለበጠች። ጀበናውም በሙቅ ውኃ ሞቆ ነበር። እዚያም ትንሽ እንዲሰክን ተወችው። ይቺ የእሷ ብልሃት ናት። ሁለት ጊዜ የሰከነ ቡና አተላ የለውም።

ውቅያኖስ ገብተን ስለነበር መርከቡ ይወዛወዛል። ሲኒዎቹ ጠረጴዛው ላይ ወዲያና ወዲህ ሸርተት ይላሉ። እማዬ የእጅ ፎጣ አርጥባ ጨመቀችና ትሪው ላይ ዘረጋችው። ሲኒዎቹን እላዩ ላይ ደረደረች። አልተነቃነቁም። መርከበኞችም ይኼንኑ እንደሚያደርጉ አውቃለሁ፤ እሷ ግን ከማንም አልሰማችም። ስትቀዳም ሲኒውን አፉ ድረስ አልሞላችውም። ቤት ቢሆን እንዲህ አድርጎ መቅዳት ንፍገት ነው። አንድ ጣት ያህል እያጎደለች፣ መርከቡ ወደኛ ሲያጋድል እጇን እየያዘች፣ ሲቃና እያፈሰሰች ቀዳች። አንዲት ጠብታ አልወደቀችም። ፉት አለች። «ቡና ነው» አለች። እኔ ከዚያ በላይ የምፈልገው አልነበረም።

ሽታው ኮሪደሩን ሞላው። የክፍላችን አስተናጋጅ አንኳኳ። የኢንዶኔዥያ ልጅ ነው፣ ከጃቫ። ጀበናውን አየና ዓይኑ በራ። እነሱም ኮፒ ቱብሩክ የሚሉት ቡና አላቸው። የተፈጨውን ብርጭቆ ውስጥ ይጨምራሉ፣ የፈላ ውኃ ያፈስሱበታል፣ አተላው እስኪወርድ ይጠብቃሉ። ማጥለያ የሚባል የለም። እናቱ ጠዋት ጠዋት እንዲሁ እንደምትጠጣ ነገረን። ሆላንዶች እ.ኤ.አ. በ1690ዎቹ ነበር ቡናን ጃቫ ወስደው የተከሉት። እማዬ ግን ታሪኩን አልጠየቀችም። የጠየቀችው «ስኳር ያደርጋሉ?» ብላ ነው። ብዙ እናደርጋለን አለ። ከቤቱ ከወጣ ስንት ወር እንደሆነው ጠየቀችው። ውላቸው ረጅም ነው፤ ወራት ሆኖታል። «እኔን ልጄን!» አለች። ቁጭ በል ብትለው እንግዳ ክፍል ውስጥ መቀመጥ አይፈቀድለትም። የወረቀት ኩባያ አስመጣችኝ። ስኳሩን ከፍ አድርጋ ቀዳችለት፤ ክዳኑን ራሷ ገጠመችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ «ማማ» እያለ ነው የሚጠራት። የእሱ ኩባያ ሳይቀዳ ቡና ተጠጥቶ አያውቅም።

በማግሥቱ ደግሞ ፊት ለፊታችን ካለው ክፍል አንዲት ትልቅ ሴትዮ በራቸውን ገርበብ አድርገው አየናቸው። ብቻቸውን ናቸው። «ጥሪያቸው፤ ቡና ለብቻ አይጠጣም» አለችኝ። ወንበሩ አንድ ስለሆነ ለእሳቸው ተለቀቀ፤ እኛ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥን። አቦሉን ጠጥተው «ሌላ አለ?» ሲሉ የእማዬን ፊት ብታዩት! እኔ ለቶና ውኃ ሽቅብ ወደ ቡፌው። ለቶናው አተላው ላይ አንድ ማንኪያ አዲስ ቡና ካልተጨመረ ይቀጥናል፤ እሳት የለማ። በረካ ግን በዚህ መንገድ አይሆንም። ሞክረነዋል፤ ከለሩ ብቻ ነው የሚወጣው። በረካ እሳት ይፈልጋል።

ቤርሙዳ ቆንጆ ናት። ባሕሩ ሰማያዊ፣ ሆርስሹ ቤይ አሸዋው ሮዝ። ፎቶውን ቤተሰብ ግሩፕ ላይ ለጥፌዋለሁ። እማዬ የወደደችው ሌላ ነገር ነው። አንድ ማታ ከላይ ትልቁ ስክሪን ሥር ፊልም እያሳዩ ፈንዲሻ ሲያድሉ አየች። «ይኼማ የቡና ቁርስ ነው» ብላ ሁለት ከረጢት አስያዘችኝ። ጠዋት ሲኒዎቹ መሐል በተነችው። ሴትየዋ ጠዋት ፈንዲሻ ሲበሉ የመጀመሪያቸው እንደሆነ ነገሩን፤ ከረጢቱን ግን ባዶ አድርገው ነው የሄዱት።

ለከርሞ እኅቴም ትመጣለች፤ አላስካ እንላለን። ከኔ የአንድ ሊትር ፔርሙዝ ይጠበቃል፣ ከእኅቴ ተጨማሪ ሲኒ። እማዬ ደግሞ ከወዲሁ የምትጠይቀኝ አንድ ነገር ነው። ያ የጃቫው ልጅ በዚያኛውም መርከብ ላይ ይኖር እንደሆነ።